በሁዳዴ የሚበስል የሥጋ ስጎ

እዚህ ጀርመን፣ ፕሮይንገስሃይም በሚባለው ሰፈር ባለው የአረጋውያን መጦሪያ አንድ ወዳጄን ልጠይቅ የሄድኩ ዕለት፣ ሽርጥ የታጠቀች ያገራችን ልጅ ከወጥ ቤት ወጥታ በተሽከርካሪ ወንበር ከተቀመጡ ሽማግሌ ፊት ተንበረከከች። ማንኪያውን እፍ እፍ አለችና አጎረሰቻቸው። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው አጣጣሙት።

«ጨው ይቀረዋል» አሉ በጀርመንኛ። «ወተቱንም ሰስተሻል። ላሟ ያንቺ ናት እንዴ?»

ልጅቷ እየሳቀች ወደ ድስቷ ተመለሰች። በኋላ ሳገኛት ለደግነቷ መረቅኋት።

«ተረጂዋስ እኔ ነኝ፣ ጋሼ» አለችኝ። «ሁዳዴ ነው፤ ሥጋ አልቀምስም። እሳቸው ይቀምሱልኛል።»

ያለምዘውድ የኮምቦልቻ ልጅ ናት። ኤርፖርት ስታጸዳ ኖራ እዚህ ሰሃን አጣቢ ሆና ገባች። ጥር ላይ ምግብ አብሳዩ ጡረታ ሲወጣ ጭልፋው ለእሷ ተሰጠ፤ ግን በፕሮበጻይት፣ ለሦስት ወር ሙከራ። መጀመሪያ የሠራችውን ፓስታ እኒያ ባለተሽከርካሪ ወንበሩ ሽማግሌ፣ ጣሊያናዊው የቦሎኛ ሰው ሲኞር ታሲናሪ፣ ቀምሰው ሰሃኑን ገፉት። እንደ አገር ቤት ቲማቲም አብዝታበት ነበር።

«ቲማቲሙ እንግዳ ነው፤ ባለቤቱ ሥጋው ነው» አሏት። ሽንኩርት፣ ካሮትና ሰለሪ አድቅቆ ማቁላላት፣ የተፈጨውን ሥጋ መጥበስ፣ ወይንና ወተት መጨመር፣ ከዚያም በትንሽ እሳት አራት ሰዓት መጠበቅ፤ ሁሉንም ያስተማሯት እሳቸው ናቸው።

ጾም ሲገባ አለቃዋ «የማይቀምስ ሰው አብሳይ አይባልም» አለቻት። ያለምዘውድ ጾሟንም አልሻረች፣ ሥራዋንም አልለቀቀች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ረዳቷ በአንድ ሽማግሌ አፍ በኩል መጣላት።

ባለፈው ረቡዕ ስሄድ ግን ሲኞር የሉም። ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ሆስፒታል ገብተዋል። አለቃዋ ደግሞ በማግስቱ ስጎውን በልታ ሥራው ይጽናላት አይጽናላት ልትወስን ነው።

«ሌላ የሚቀምስልሽ ጠፋ?» አልኳት።

«ጀርመኖቹ ምን ብሰጣቸው ‹ሌከር፣ ይጣፍጣል› ነው የሚሉኝ። የሚሰድበኝ ሰው ነው የምፈልገው!» ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር። «እሳቸውም የሆስፒታሉን ምግብ እንቢ ብለዋል አሉ።»

ወዲያው ወጥ ቤት ገብታ፣ በፎጣ የተጠቀለለ ትኩስ የስጎ ዕቃ ይዛ ወጣች።

«ጋሼ፣ እኔ ድስቱን ጥዬ መሄድ አልችልም። አውቶቡሱ ሆስፒታሉ በር ድረስ ያደርስዎታል። ሲኞር ይብሉት፤ ግን ከመጨረሳቸው በፊት ምን እንደጎደለው ጠይቀው ይደውሉልኝ?»