ጓጉንቸር የሌለው ቁልፍ

የከተማው መካነ እንስሳት ሲጀመር አንበሶች የታጎሩበት የብረት ቤት ዛሬም አለ። አንበሶቹ ወደ ሰፊው መስክ ሲዛወሩ እሱ ለታሪክ ተብሎ ቀረ፤ አሁን ሰው እየገባ ፎቶ ይነሳበታል።

በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ጥበቃ ይቆማሉ። ኮታቸው ሰፍቷቸዋል፣ ጫማቸው ግን ሁልጊዜ የተወለወለ ነው። ትኬት አይጠይቁም፣ ሰው አያመናጭቁም። የሚቆጡት አንዱ ለቀልድ እንኳ በሩን ገርበብ ሲያደርግ ነው። እኔንም አንዴ አስደንግጠውኛል።

«ግቡ፣ እንደፈለጋችሁ ሁኑ! በሩን ግን አትንኩብኝ!»

አንገታቸው ላይ በክር የታሰረ፣ ዝገት የበላው ቁልፍ አለ። ጓጉንቸሩ ከበሩ ከተነሳ ስንት ዘመኑ!

ባለፈው እሁድ አንዲት እናት ግድግዳው ላይ የተጻፈውን ለልጇ ጮክ ብላ አነበበችላት።

«ከተማው በጎርፍ በተጥለቀለቀበት ቀን ቁልፍ ያዡ ባለመገኘቱ፣ ሁለት እንስት አንበሶች እዚሁ ሰጥመው ሞቱ።»

«የት ሄዶ ነው?» አለች ልጅቷ።

«እኔ ምን አውቄ የኔ እናት፤ እግሬ አውጪኝ ብሎ ይሆናላ።»

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ቤቱ ሄዶ ነው የኔ ልጅ። እንዳንቺ ያለች ልጅ ነበረችው።»

«ደረሰላት አባባ?»

ቁልፉን ሸሚዛቸው ውስጥ ከተቱት።

«ለማንኛቸውም አልደረሰ» አሉና፣ ነፋሱ የገፋውን በር በእግራቸው ደገፉት።