ዐሥራ አንድ ዓይነት አረንጓዴ

የልብስ ሰፊዋ ጥፍሮች አረንጓዴ ነበሩ። ያውም አንድ ዓይነት አረንጓዴ አይደለም፤ አውራ ጣቷ ላይ የወይራ ቅጠል፣ ሌባ ጣቷ ላይ ገና ያልበሰለ ሎሚ፣ ትንሿ ጣቷ ላይ ደግሞ ከእርጥብ ድንጋይ ላይ የተፋቀ ሻጋታ ይመስላል። ልብስ ሊያስጠብብ የመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነበር። ነጭ ሸሚዝ የያዘማ እጇን እስክትታጠብ አያቀብላትም።

ነገሩ የጀመረው ከሱቋ ፊት ለፊት ያለው ኮረብታ መንገድ ሊያልፍበት ነው፣ ቁፋሮው በወሩ መጨረሻ ይጀመራል ከተባለ ወዲህ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከስፌት መኪናዋ ቀና ባለች ቁጥር ዓይኗን የምታሳርፈው እዚያ ላይ ነው። ሳይቆረስ ልታስቀረው ፈለገች። ፎቶ አነሳችው፤ ፎቶው ላይ ግን ኮረብታው እፍኝ አክሎ ቁጭ አለ። ስለዚህ ከጎረቤቷ ከጡረተኛው የሥዕል መምህር አንድ ሳጥን ፓስቴል ተዋሰች። በጠመኔ መልክ የተሠራ ደረቅ ቀለም ነው፤ ወረቀት ላይ ይታሻል፣ በጣት ይዳበሳል። ከሳጥኑ ውስጥ አረንጓዴው ብቻ ዐሥራ አንድ ነበር። አንዱን ኮረብታ ዐሥራ አንድ ጊዜ ሊቀቡት ነው እንዴ ብላ ተገረመች።

እንግዲህ ልብስ ሰፊ ናትና የምታውቀውን አደረገች። ክር የሚመረጠው ጨርቁ ላይ ተጋድሞ ሲጠፋ ነው፤ ከታየ አልገጠመም። ኮረብታው ግርጌ ወርዳ ከየዛፉ ቅጠል ቀጠፈች፣ ሱቋ በር ላይ እያንዳንዱን ከቀለሙ ጋር ጎን ለጎን ይዛ አነጻጸረች፣ የጠፋላትን መረጠች። በመረጠቻቸው ኮረብታውን ወረቀት ላይ ስትቀባ ሦስት ቀን ለፋች። ቀለሙ ቅንጣት ታህል አልሳተም።

ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ከመንገድ ሲመለስ ወረቀቱን ዘቅዝቆ አየ፣ አቃንቶ አየ፣ የአልጋ ልብስ መስፋት ጀመርሽ እንዴ ሲል ጠየቃት። ኮረብታው መሆኑን ስትነግረው በቁም ነገር፣ ለሁለት ሰው ይበቃል አላት።

በጥርሷ ሳቀች፤ ሆዷ ግን አልሳቀም። ቁፋሮው ሊጀመር ስድስት ቀን ቀርቶታል። ወረቀቱንና ቅጠሎቹን ይዛ መምህሩ ዘንድ ሄደች። ሽማግሌው ቅጠሎቹን አንድ በአንድ አገላበጡ።

"ልጄ፣ የለካሽው ቅጠሉን ነው" አሏት። "ኮረብታው እኮ እዚያ ማዶ ነው። በመሃላችሁ ስንት አየር አለ?"

"አየር ደግሞ ቀለም አለው እንዴ ጋሼ?"

"እስቲ ሄደሽ ጠይቂው።"

አጠያየቁንም አሳዩዋት። ግራጫ ካርቶን ላይ የሸሚዝ ቁልፍ የሚያክል ቀዳዳ በሳች፤ ሱቋ በር ላይ ቆማ፣ ክንዷን ዘርግታ በዚያ አጮለቀች። ኮረብታነቱ ጠፋ፤ ቀለም ብቻ ቀረ። ጫፉ ሰማያዊ የነካው ግራጫ ነው። ጥላው ሐምራዊ ነው። ካርቶኑን አወረደችው፣ አረንጓዴ። አነሳችው፣ ሐምራዊ። ሃያ ስድስት ዓመት ስታየው የኖረችውን ነገር አላየችውም ማለት ነው? ሱሪውን ሊወስድ የመጣ ደንበኛ እንኳ አንዴ በቀዳዳው ሳያይ አልሄደም።

በማግስቱ አዲስ ወረቀት ዘረጋች። ከታች ቢጫ የበዛበትን ሞቃት አረንጓዴ አደረገች፤ ወደ ላይ ስትሄድ እያቀዘቀዘች፣ እያደበዘዘች። ለጥላው ሐምራዊውን ስታነሳ ግን እጇ እምቢ አላት። በአረንጓዴ ጨርቅ ላይ በሐምራዊ ክር መስፋት ሆነባት፤ እንዲህ ያለ ስፌት ከሱቋ ወጥቶ ቢሆን ራሷ በምላጭ ትተረትረው ነበር። እንደ ምንም አሸችው። ሐምራዊው ሲነካው አረንጓዴው ወደ ኋላ ሸሸ፤ ዝርግ የነበረው ወረቀት ሸለቆ አወጣ።

በአራተኛው ቀን ጨረሰች። ባሏ ሥዕሉ ፊት ቆመ። ቀልድ ስትጠብቅ ጣቱን ወደ ጥላው ቀሰረ።

"ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው አይደል?" አለ። "ጥላው ገደሉ ጋ ሲደርስ።"

ሰዓቱን ማንም አልነገረውም። ለካስ እሱም ሲያየው ኖሯል። ደስታዋ ገና ሳይሰክን ግን ሌላ ጥያቄ ተነሳባት። ይሄ የከሰዓቱ ነው፤ የጠዋቱስ? ጠዋት ብርሃኑ የሚያርፈው በጀርባው በኩል ነው፤ ጀርባውን ደግሞ በዕድሜዋ አይታው አታውቅም። የቀራት ሁለት ቀን ነው።

ንጋት ላይ፣ መጋረጃ ልታሰፋ የማለደች ደንበኛ የሱቁ በር ሲቆለፍ ደረሰች። ሰፊዋ ሳጥኑን በብብቷ ይዛለች። ደንበኛዋ መቼ ልመለስ አለቻት።

"መጀመሪያ የእሱን ጀርባ ልለካ" አለች ሰፊዋ ኮረብታውን በአገጯ እያሳየች፤ መንገዱን ተሻግራም በጥላው ጥግ ጥግ እየፈጠነች ሄደች።