ግመሉና ዳክዬዋ ይዋደዳሉ ወይ?

ባለፈው ሰሞን ለእናቴ አዲስ ስልክ ገዛሁላትና ቡራዩ ቤታችን ቁጭ ብዬ ቁጥሮቿን ስመዘግብላት ዋልኩ። የአክስቴን፣ የወፍጮ ቤቱን፣ የዕድሩን ጸሐፊ፣ ሁሉንም በየስማቸው አስገባሁ። የአባቴ ቁጥር ላይ ስደርስ "ይሄንንስ ምን ብዬ ልጻፈው?" አልኳት። ሽንኩርት እየላጠች ነበር፤ ቀና ሳትል "ሰውዬው በይው" አለችኝ። ሰውዬው ደግሞ እዚያው አጠገቧ ተቀምጦ የጫማውን ማሰሪያ ይፈታል፤ ምንም አልመሰለውም። እኔ ግን ስልኩን እንደያዝኩ ሳቄ አመለጠኝና ሐሳቤ ጭልጥ ብሎ ወደ አንድ ግመልና ወደ አንዲት ዳክዬ ሄደ።

ልጅ እያለሁ ሰፈራችን ውስጥ ዲሽ ያለው ቤት ሞልቶ ነበር፤ ጭቃ ረግጦ የመጣ የልጅ መንጋ የሚያስገባ ግን የእትዬ ዘሀራ ቤት ብቻ ነው። ከፊት ሱቅ፣ ከኋላ ሳሎን ነበራቸው። ሳሎኑ የሳሙና፣ የብስኩትና የላምባ ሽታ ተቀላቅሎበት ነበር፤ ዛሬም የሆነ ሱቅ ስገባ ያ ሽታ ካገኘኝ ጫማዬን ለማውለቅ ይቃጣኛል። እዚያ ምንጣፍ ላይ ተኮልኩለን፣ ከትምህርት ቤት መልስ፣ በአረብኛ የሚተላለፍ አንድ ካርቱን እናይ ነበር። ቀምቡር የሚባል ግመል አለ፤ ሥራው ደብዳቤ ማመላለስ ነው። አንዲት ዳክዬ አንገቱ ላይ ወጥታ መንገድ ታሳየዋለች፤ ታሳየዋለች ማለት ቀኑን ሙሉ ትጨቀጭቀዋለች ማለት ነው። እሱ ዝም ብሎ ይሰማታል።

አረብኛ የሚችል አልነበረንም። የእትዬ ዘሀራ ልጅ ሙራድ ቁርአን ስለሚቀራ ይችላል ብለን ደመደምንና አስተርጓሚ አደረግነው፤ እሱም አልችልም ብሎ ክብሩን አልጣለም። ዳክዬዋ ክንፏን እያማታች ስትለፈልፍ ትቆይና ሙራድ "ራበኝ ነው የምትለው" ይለናል። "ይሄን ሁሉ ተናግራ?" ስንለው "አረብኛ እንደዚህ ነው፣ ሰፊ ነው" ይላል ፍንክች ሳይል። አንድ ቀን እናቱ ከሱቁ ብቅ ብለው "አንተ፣ ከመቼ ወዲህ ነው?" ቢሉት ለተወሰኑ ቀናት ትርጉም ቆሞብን ነበር።

ችግሩ የመጣው በሌላ በኩል ነው። አንዳንድ ቀን መጨረሻ ላይ ግመሉ ያን ረጅም አንገቱን ቀስ አድርጎ ወደ ዳክዬዋ ዝቅ ያደርጋል። ልክ ሊደርስባት ሲል ስዕሉ ዘለል ይልና ግመሉን ቀጥ ብሎ ቆሞ እናገኘዋለን። ጣቢያው ቆርጦት ነው። ምን ተቆረጠ? ግማሹ ልጅ ሳማት አለ፤ ግማሹ ሹክ አላት አለ፤ ሙራድ "ሰላምታ ነው፣ የአገራቸው ሰላምታ" ብሎ ለመገላገል ሞከረ። በዚህ የተነሳ የሰፈሩ ልጅ ይዋደዳሉ የሚልና አይዋደዱም የሚል ሆኖ ለሁለት ተከፈለ። ብይ ስንጫወት እንኳ ቡድን የምንከፍለው በዚሁ ነበር።

የይዋደዳሉ አለቃ ጉተማ ነው። የጎረቤታችን ልጅ፣ በዕድሜ እኩያዬ፣ በአፍ ግን አባቴን የሚያክል። አድጎ ጠበቃ ሳይሆን ቧንቧ ሠራተኛ መሆኑ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ጉተማ አንድ ቀን ተነስቶ ቆመና ማስረጃ አለኝ አለ። "ካርቱኑ ውስጥ አይጡም፣ ጅቡም፣ ሁሉም ቀምቡር እያለ ነው የሚጠራው። እሷ ግን አንድ ቀን ስሙን ጠርታው ታውቃለች? አታውቅም። ስለዚህ ሚስቱ ናት።"

እውነቱን ነው፤ ያን ሁሉ ስትለፈልፍ ቀምቡር የሚል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ለእኛ ደግሞ ይሄ ማብራሪያ የሚያስፈልገው ነገር አልነበረም። የእኛ እናቶች ባሎቻቸውን በስም አይጠሩም፤ ድፍረት ነው፣ ነውር ነው። የእኔ እናት ከሱሉልታ ማዶ ካለ ገጠር ነው የመጣችው፤ በዚሁ ወግ ነው ያደገችው። ለጎረቤት ስታወራ "አባ ወራው" ትላለች፣ ሲብስባት "ሰውዬው"፤ እሱን ራሱን ስትጠራው ደግሞ "ስማ እንጂ" ነው። ሰው ሁሉ ደበላ የሚለውን አባቴን፣ እኔ ራሴ ክፍል ውስጥ አያንቱ ደበላ ተብዬ የምጠራበትን ስም፣ እሷ ብቻ አንድም ቀን ጠርታው አልሰማሁም። ያንን ካርቱን የሳሉት ሰዎች ስለዚህ ወግ ሰምተው እንደማያውቁ ለማሰብ ማናችንም አልሞከርንም።

እኔ የአይዋደዱም ወገን ነበርኩ። ለምን እንደነበርኩ አሁንም አላውቅም፤ ጉተማ ያለውን ለመቃወም ሳይሆን አይቀርም። "ብትወደው ኖሮ ስሙን ጠርታ ታቅፈው ነበር፤ የአማርኛ ፊልም አይተህ አታውቅም?" አልኩት። ጉተማ ዞር ብሎ አየኝና "እናትሽ አባትሽን ታቅፈዋለች?" አለኝ። ምንጣፉ ላይ ያለው ልጅ ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ጥያቄው ግን ቤት ድረስ ተከተለኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ነገሩ የግመልና የዳክዬ መሆኑ ቀረ። እኔ ልክ ከሆንኩ እናቴ አባቴን አትወደውም ማለት ነው። አፌ እምቢ ብሎ ይከራከራል፣ ልቤ ግን ጉተማ ሲረታኝ ደስ ይለዋል። ማስረጃ ፍለጋ ወላጆቼን መሰለል ጀመርኩ። አባቴ የአይሱዙ ሹፌር ነው፤ ከሰበታ ፋብሪካዎች ዕቃ ያመላልሳል። ማታ ሲገባ በሩ አጠገብ ተሸጉጬ ጠበቅኳቸው። እናቴ "ጫማህን አውልቅ፣ አሁን ነው የጠረግኩት" አለችው። እሱም አወለቀ። በቃ፣ ሰላምታው ይኸው ነው። ራት ላይ ሥጋውን እየመረጠች ወደ እሱ በኩል ስትገፋለት አየሁና ልቤ ዘለለ፤ ወዲያው "ብላ እንጂ፣ ነገ ደከመኝ እንዳትለኝ" ብላ አበላሸችው።

በዚህ መሐል ያ አዲስ አበባን ወደ እኛ መሬት ያሰፋል የተባለው፣ ማስተር ፕላን የሚሉት ነገር መጣ። ልጆች ነንና የገባን ትንሽ ነው። ትልልቆቹ ስለ መሬት፣ ስለ ድንበር፣ ስለ ታሰረ ልጅ ያወራሉ፤ እኛ ስንገባ ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ፣ ከኦሮምኛ ወደ ዝምታ ይሻገራሉ፣ ሁለቱንም እንደምንሰማ የረሱ ይመስል። ትምህርት ቤት ተዘጋ። አስፋልቱ ላይ ድንጋይ ተደረደረ፤ የተቃጠለ ጎማ ሽታ ከባሕር ዛፉ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ በመስኮት ይገባ ነበር። እኛም ያየነውን አደረግን። የጉተማ ወገን ወደ እትዬ ዘሀራ ቤት በሚወስደው ቅያስ ላይ ድንጋይ ደርድሮ "ይዋደዳሉ ያላለ አያልፍም" አለ። እናቴ ይህን ስታይ ድንጋዩን በእግሯ እየበተነች፣ ጉተማን በጆሮው ይዛ እናቱ ድረስ ወሰደችው። እንደዚያን ቀን ተቆጥታ አይቻት አላውቅም።

በነጋታው ሰፈሩን የሚያስታርቁት ሽማግሌ ኦቦ ለሚ ጠባችንን ሰሙና ደጃቸው ላይ አስቀመጡን። "ኢጆሌ፣ ልጆች፣ ተራ በተራ" ብለው ሁለቱንም ወገን እንደ ትልቅ ሰው አዳመጡን። ከዚያ ከዘራቸውን ተደግፈው ብዙ አሰቡና "ዝምድናቸው ተቆጥሯል?" ብለው ጠየቁ። እኛ ዘንድ ከጋብቻ በፊት ሰባት ቤት ይቆጠራል። ጉተማ "ኦቦ፣ እሱኮ ግመል ነው፣ እሷ ደግሞ ዳክዬ ናት" አላቸው። "እንግዲያማ ሰባት ቤት ተቆጥሮም አይገናኙም፤ ታዲያ ማን ከለከላቸው?" አሉና ጉዳዩ ተዘጋ። እኛ የጠየቅነው ይዋደዳሉ ወይ ብለን ነበር፤ እሳቸው ይጋቡ ብለው ፈረዱ።

ያን ሰሞን አባቴ አንድ ቀን ጠዋት እንደወጣ ሳይመለስ ቀረ። የሰበታ መንገድ ተዘግቷል ተባለ፣ መኪና ተቃጥሏል ተባለ፣ ስልክ ደግሞ አይሠራም። ሁለት ሌሊት አለፈ። እናቴ አላለቀሰችም፤ ቤቱን ጠረገች፣ የጠረገችውን መልሳ ጠረገች። ጎረቤት ሲጠይቃት "ሰውዬው የት እንደገባ እንጃ" ትላለች፣ ዶሮ የጠፋባት ይመስል። ጨንቋታል ወይስ አልጨነቃትም ብዬ ድምጿን አዳምጣለሁ፤ ምንም አይለይም። አባቴ ባይመለስስ ብዬ ፈራሁ፤ ቢመለስ ደግሞ የናፈቀው ሰው ባይኖርስ ብዬ ፈራሁ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ እጄን ይዛ ወደ እትዬ ዘሀራ ሱቅ ወሰደችኝ። የሱቁ በር ግማሹ ተዘግቷል። "አንድ እሽግ ጨው ስጡኝ" አለቻቸው። ጨው ቤታችን ሞልቷል። ጨውን ተቀብላ እንደመሄድ አስፋልቱ የሚታይበት በር ላይ ቆመች፤ እትዬ ዘሀራም በርጩማ አቀረቡላት፣ እሷ ግን አልተቀመጠችም። እኔ ወደ ሳሎን ገባሁ። ደግነቱ መብራት ነበር። ሙራድ የመጨረሻው ክፍል ነው ብሏል፤ ለዚህ እንኳ ልናምነው ወሰንን። ግመሉ በአሸዋ ማዕበል ጠፍቷል፤ ዳክዬዋ ብቻዋን አሸዋው ላይ እየተንገዳገደች ትፈልገዋለች። ከእናቱ ተደብቆ የመጣው ጉተማ "ስሙን ከጠራችው ተሸነፍኩ" አለ። "ካልጠራችው ደግሞ አይሰማትም፣ ይሞታል" አልኩት። ሁላችንም አፏን እናያለን። ዳክዬዋ አንድ ጉብታ ላይ ወጣች፣ ክንፏን ዘረጋች፣ አፏን ከፈተች።

"ደበላ!"

ድምፁ የመጣው ከውጭ ነው። መጀመሪያ ማን እንደሆነች አላወቅኩም፤ የሆነች ሴት አባቴን ትጠራለች። ሲደገም ነው የእናቴ ድምፅ መሆኑ የገባኝ። ጫማዬን ሳላደርግ ወጣሁ፣ ልጁ ሁሉ ተከተለኝ። አባቴ መኪናውን ሰበታ ሰው ግቢ አቁሞ፣ በየማሳው እያቋረጠ በእግሩ መጥቶ፣ ከላይ እስከ ታች አቧራ ለብሶ አስፋልቱ ላይ በተደረደሩት ድንጋዮች መሐል ብቅ አለ። እናቴ ነጠላዋ ወድቆ፣ አንድ እግር ጫማዋ ኋላ ቀርቶ፣ ጨውን እንደያዘች "ደበላ፣ ደበላ" እያለች ትሮጣለች። ልትጠመጠምበት ነው ብዬ ስጠብቅ አንድ ክንድ ሲቀራት ቆመች። ዞር ብላ የተሰበሰበውን ሰው አየች። ከዚያ ድምጿን አስተካክላ "ጫማህ ምን ሆኖ ነው እንዲህ?" አለችው። አባቴ ጫማውን አላየም። "አንቺ ነሽ የጠራሽኝ?" አለና፣ ያ ሁሉ መንገድ ያልጣለው ሰውዬ እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። እናቴ ጨውን ለእኔ ሰጠችኝና ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። እኔ መንገድ መሐል ቆሜ አለቀስኩ፤ ደስ ብሎኝ ነው።

የካርቱኑን መጨረሻ ማንም አላየውም። ተመልሰን ስንገባ ዜና ጀምሯል። ሙራድ እኔ አልወጣሁም፣ ስሙን ስትጠራው ሰምቻለሁ ብሎ ማለ፤ ነገር ግን ውጭ ከፊቴ ቆሞ አይቼዋለሁ። ጉተማም እስከ ዛሬ አልተሸነፍኩም ባይ ነው። ቧንቧ ሊሠራልን በመጣ ቁጥር ያነሳዋል፤ "ሚስት ሲጨንቃት ትጠራለች፣ ይሄ እኔን ነው የሚደግፈው" ይላል ከማጠቢያው ስር ሆኖ።

አሁን ያ ቅያስ ኮብልስቶን ለብሷል። ሙራድ ዱባይ ሠርቶ እውነተኛውን አረብኛ ይዞ ተመልሶ ሱቁን ከእናቱ ተረክቧል፤ ስለ ያኔው ትርጉም ሲጠየቅ ግን ደንበኛ መጣብኝ ብሎ ይሸሻል። የዛሬ ልጆች አንገታቸውን ደፍተው እያንዳንዳቸው በየስልካቸው ያያሉ። ማንም አይቆርጥባቸውም፤ ስለዚህ የሚከራከሩበትም ነገር የለም። ያሳዝኑኛል፤ ምናልባት እኔም አሳዝናቸው ይሆናል። ለእኔም እጮኛዬ በየሰዓቱ "የኔ ማር" እያለ ይጽፍልኛል። አልጠላሁትም፤ ደስ ይለኛል። ግን ስልኬ በጮኸ ቁጥር ጫማዬን ጥዬ አልሮጥም።

ይህን ሁሉ አስቤ ስመለስ ስልኩ እጄ ላይ ነው፣ ሰውዬው የሚለውን ገና አልጻፍኩም። "እማ፣ ሰውዬው ደግሞ ምንድን ነው? ደበላ ብዬ ልጻፈው" አልኳት። አባቴ የጫማውን ማሰሪያ ትቶ ቀና አለ። እናቴ ቢላዋውን አቆመች፣ ለአንድ አፍታ እሱን አየችው፣ መልሳ ወደ ሽንኩርቷ አቀረቀረች።

"ተዪው" አለችኝ። "አንዴ ጠርቼዋለሁ፤ ይበቃዋል።"