ጋሼ መነጽራቸውን ያላወለቁ ቀን

የእናቴ ወንድም ጋሼ ከእኔ ጋር ካሲኖ ገብተው ብላክጃክ የሚባለውን የካርድ ቁማር ሲጫወቱ የወጡትን ካርዶች በልባቸው ይቆጥሩ ነበር። የቀሩት ካርዶች ለእኛ እንደማይበጁ ሲያውቁ መነጽራቸውን ያወልቃሉ፤ ያኔ ሁለታችንም ሳንከራከር እንነሳለን። «አብሮህ የተቀመጠውን ጥለህ እንዳትነሳ» ይሉኝ ነበር።

ከታመሙ ወዲህ ሮቢንስዴል ሆስፒታል ስንሄድ የሐኪሞቹን እንግሊዝኛ የማስተረጉምላቸው እኔ ነበርኩ። የመጨረሻው ቀን ግን «ሂድ መኪናዋን እያት፣ የቅጣት ቲኬት እንዳይለጥፉብህ» ብለው አስወጡኝና በስልክ አስተርጓሚ ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩ። ስመለስ መነጽራቸውን እንዳደረጉ ናቸው።

«ምን አሉዎት?»

«ምንም የለብዎትም አሉኝ። ቅዳሜ ካሲኖ እንሄዳለን።»

ቅዳሜ ሳይደርስ አረፉ። ሐኪሙ ጥቂት ቀን እንደቀራቸው ነግሯቸው እንደነበር የሰማሁት ከቀብር በኋላ ነው።

ጋሼ፣ መነጽር ማውለቅ ይህን ያህል ከበደዎት? እኔ እኮ ዓይን ዓይንዎን እያየሁ ነበር።