ባለ ካባውና ባለ ሰደርያው

ሙሂዲን በመካነ ኢየሱስ ከተማ፣ በወይዘሮ ይታይሽ በረንዳ ላይ ልብስ ይሰፋል። የጨረሰውን ልብስ ከራሱ በላይ በተወጠረ ሽቦ ላይ ይሰቅላል። የፊት ለፊቱ አጥር እሬትና ራስ ክምር የሚባል ቁጥቋጦ ነው። ክረምቱ ወጥቶ አጥሩ ሲያብብ አበባ የሚቀስሙ ሁለት ዓይነት ወፎች ይመጣሉ፤ ሙሂዲንም ቀና ባለ ቁጥር የሚያየው እነሱን ነው።

የአንደኛው ዓይነት ወንድ ትልቅ ነው። ጥላ ውስጥ ጥቁር ይመስላል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ወይን ጠጅ ሐር ይሆናል። ከጅራቱ መካከል ሁለት ረጃጅም ላባዎች ይወጣሉ። ሙሂዲን «ባለ ካባው» ይለዋል። ሌላው ከእሱ ብዙ ያንሳል፤ ጅራቱ አጭር፣ ጀርባው አረንጓዴ፣ ሆዱ ቢጫ ነው። እሱ ደግሞ «ባለ ሰደርያው» ነው። ባለ ካባው አጥሩን ሁሉ የግሉ አድርጎ የቀረበውን ያባርራል፤ ባለ ሰደርያው ዞር ብሎ ይቆይና ከታች ካለው አበባ ይቀማምሳል። ሙሂዲን የሚያደላው ለትልቁ ነበር።

ዘንድሮ በጥቅምት አንዲት ግራጫ ወፍ በሽቦው ጫፍ ላይ ጎጆ ሠራች። የሸረሪት ድር፣ ደረቅ ሣርና ከስፌት መኪናው ሥር የለቀመችውን ክር አዋህዳ እንደ ትንሽ ከረጢት አንጠለጠለችው። ሙሂዲን ልብሶቹን ወደ ሌላው ጫፍ ሰበሰበላት። የሁለቱም ዓይነት ሴቶች ግራጫ ናቸው፤ እሱ ግን የባለ ካባው ሚስት ናት ብሎ ቆረጠ።

ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ ባለ ሰደርያው በጎጆው ዙሪያ መመላለስ ጀመረ። ሙሂዲን የእንጨት ማስመሪያውን አንስቶ አባረረው።

«ምን አደረገህ?» አሉ ወይዘሮ ይታይሽ።

«የሰው ሚስት ደጅ ምን ያዞረዋል፣ እትዬ?»

«ወይ አንተ! የደንበኛህን የደሴን ሱሪ አሳጥረህ የወፍ ትዳር ትጠብቃለህ?»

«ሱሪውን ያሳጠረው የታጠበበት ውሃ ነው።»

ዘብነቱ ሰነበተ። ባለ ሰደርያው በመጣ ቁጥር ማስመሪያው ይነሳል። እናቲቱ ብቻዋን ተመላልሳ ማጥገብ አልቻለችም፤ የጫጩቶቹ ድምፅ እየቀጠነ ሄደ። ባለ ካባው ወደ ጎጆው ዞር ብሎም አላየም።

«ምን ዓይነት አባት ነው?» አለ ሙሂዲን አንድ ጠዋት፣ ስፌቱን አቁሞ።

«አባታቸው እሱ መሆኑን ማን ነገረህ?» አሉ ይታይሽ። «ለኪ አይደለህ? እስቲ ሚስቱ ናት ያልካትን ለካት።»

እናቲቱ አጥሩ ላይ አርፋ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ባለ ካባው ሌላ ግራጫ ወፍ አስከትሎ መጣ፤ ይህችኛዋን አላባረራትም። ሁለቱ ግራጫዎች ባንድ ቅርንጫፍ ላይ ሲታዩ የጎጆዋ ባለቤት ከሌላዋ በእጅጉ ታንሳለች። ልኳ የባለ ሰደርያው ነው። የሰውን ትከሻ በዓይኑ የሚለካው ሙሂዲን ይህን ሳያይ ከርሟል።

ማስመሪያውን አስቀምጦ መኪናውን ከነወንበሩ ወደ ውስጥ አስገባና ከበሩ ጀርባ ቆመ። ባለ ሰደርያው ቶሎ አላመነም። መጀመሪያ ጣሪያው ላይ፣ ቀጥሎ አጥሩ ላይ፣ በመጨረሻ ሽቦው ላይ አረፈ። በአፉ ሸረሪት ይዟል።

«ግባ፣ አባወራው» አለ ሙሂዲን በሹክሹክታ። «ቤትህ ነው።»

«ይቅርታ በለው እንጂ!» አሉ ይታይሽ ከኋላው።

ከጎጆው ቀዳዳ ትንንሽ አፎች ተከፈቱ። ደሴ የተስተካከለለትን ሱሪ ሊወስድ ወደ በረንዳው ሲወጣ ሙሂዲን ከውስጥ እጁን ዘርግቶ አስቆመው።

«እዚያው ቁም ደሴ፣ አባታቸው ይውጣ።»