«አላየኋችሁም» ያለን የተራራ ጠባቂ

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ከሰባ ሰባቱ ድርቅ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ብዙ ክፉ ቀን አይቻለሁ፤ ብዙውንም ረስቼዋለሁ። ይኼን ግን አንድ ሰው ለእኛ ብሎ የተጎዳበት ስለሆነ ልረሳው አልቻልኩም።

ሰፈራችን ከኮምቦልቻ ወደ ደጋን በሚወስደው መንገድ አጠገብ፣ ራቁቱን ከቀረ ተራራ ሥር ነበር። ከድርቁ በኋላ መንግሥት ተራራው ይልማ ብሎ ሥራ አመጣልን። እርከን እንሠራለን፣ ችግኝ እንተክላለን፤ በምትኩ ስንዴና ዘይት ይሰፈርልናል። ባሌ ብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ አባቴ ቤት ተመልሼ ስለነበር እኔም ከአባቴ ጋር ድንጋይ ተሸክሜያለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ያ ስንዴ ባይኖር ብዙዎቻችን አንተርፍም ነበር።

ችግሩ የመጣው ተራራው ተከልሎ ከብት እንዳይገባበት፣ ሳርም እንዳይታጨድበት ሲታዘዝ ነው። ጠባቂ ሆኖ የተቀጠረው ጎረቤታችን ይማም ነበር። ደመወዙም ያው ስንዴና ዘይት ነው። ከአባቴ ጋር አብሮ አደግ ናቸው። ሲበዛ ቀጥ ያለ ሰው ስለነበር «ይማም የእናቱን ፍየል ቢያገኝ ያስራታል» እየተባለ ይቀለድበት ነበር።

አንድ ዓመት የበልጉ ዝናብ ቀረ። ሜዳው አቧራ ሆነ። ከተከለለው ተራራ ላይ ግን ካለፈው ክረምት የተረፈው ሳር እስከ ጉልበት ቆሟል። ከብቶቹ ከታች ሆነው ሽቅብ እያዩ ይጮሁ ነበር። እናቴ የጎጇችንን ክዳን እየመዘዘች ለበሬያችን ሰጠችው። እሱም አለቀ። አንድ ጠዋት በሬው መነሳት አቃተው። በእንጨት ደግፈን፣ ጅራቱን ይዘን አነሳነው፤ መልሶ ወደቀ።

አባቴ ከደሴ የሚመጣውን የግብርና ባለሙያ መንገድ ላይ ጠብቆ ለመነው።

«ጌታዬ፣ ከብቱ አይግባ፣ እሺ። በእጃችን አጭደን እናውጣ። ችግኙን አንነካም።»

ባለሙያው ገና ወጣት ነው፤ ክፉ ሰው አልነበረም። «ለበላይ አቀርበዋለሁ አባቴ፤ እስኪፈቀድ ግን ታገሱ» ብሎ ሄደ።

የወደቀ በሬ ደግሞ ትዕግሥት አያውቅም። አርብ ቀን፣ ወንዱ ሁሉ ለጁምዓ ወደ መስጊድ ሲሄድ፣ አባቴ ማጭዱን አነሳና «ተነሽ፣ ገመድ ያዢ» አለኝ። ጁምዓ ሆን ብሎ ሲቀር ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

አጭደን፣ ሸክማችንን አስረን ቀና ስንል ይማም ከእርከኑ በላይ ቆሞ ያየናል። ፊሽካው ካንገቱ ተንጠልጥሏል።

አባቴ ማጭዱን መሬት ጣለው። «ያው አገኘኸኝ ይማም። ንፋው» አለ።

ይማም አልነፋም። የራሱ በሬ በዚያው ሰሞን ሞቶበት ነበር። ያንን ሁሉ ሳር እየጠበቀ አንድ እፍኝ አላወጣለትም።

«ያንተው ተነሣ?» ብሎ ጠየቀ።

«አልተነሣም።»

ጀርባውን ሰጠን። «አላየኋችሁም። በገደሉ በኩል ውረዱ» አለ።

በሬው እየበላ ውሎ አድሮ በገዛ እግሩ ቆመ። ይኼኔ እናቴን እልልታ አመለጣት። ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች፤ ነገር ግን የገበሬ ማህበሩ ሊቀመንበር በደጅ ሲያልፍ ሰምቷት «ምን ደስታ ተገኘ?» እያለ ገባ። የተረፈውን ሳር አየ።

አባቴ «ሰርቄ ነው። ይማም አላየኝም» አለ።

«ጠባቂ ካላየ ምኑን ይጠብቃል?» አለና ይማምን አስጠራው። ሰው ተሰበሰበ። ሊቀመንበሩ በሰው ፊት «በአላህ ስም አላየሁም ብለህ ማል፤ ትቼሃለሁ» አለው።

አባቴ በዓይኑ ይለምነው ነበር። ይማም ግን በሬያችንን አየት አደረገና «በውሸት አልምልም። አይቻለሁ» አለ።

ሁለቱንም ወሰዷቸው። አባቴ ማህበሩ ቤት ታስሮ፣ ስንዴው ተቋርጦ ተለቀቀ። ይማም ግን የመንግሥት አደራ በልቷል ተብሎ ወደ ደሴ ተላከ። እሱ እስር ቤት እያለ ሳር በእጅ ማጨድ ተፈቀደ። ያ ባለሙያ ቃሉን ጠብቆ ኖሯል። ሰው ሁሉ ማጭዱን ይዞ ተራራ ሲወጣ አባቴ ከቤት አልወጣም።

ይማም እዚያው ተስቦ ያዘው። ሊሞት ሲል ለቀቁት፤ ከመኪናው መንገድ በቃሬዛ ተሸክመው አመጡት። ብዙ አልቆየም። አጥቦ የገነዘው አባቴ ነው።

ክረምቱ ሲገባ አባቴ በሬውን ከአጎቴ በሬ ጋር አቀናጅቶ፣ ከእኛ ማሳ በፊት የይማም ሚስት የእትዬ ዘይነባ ማሳ ላይ ወሰደው። እትዬ ዘይነባ ከደጇ ቆማ ጠበቀችን።

«ሰይድ፣ እረሰው። ልጆቼ መብላት አለባቸው» አለችው አባቴን። «እኔ ግን ይኼን በሬ ማየት አልችልም። የእኛ ሲሞት ይማም ዝም ብሎ አይቷል።»

ልጆቿን ይዛ ወደ እህቷ ቤት ሄደች። በየዓመቱም እንዲሁ ሆነ፤ አባቴ ሊያርስ ሲመጣ ትሄዳለች፣ ጨርሶ ሲወጣ ትመለሳለች። በሬው ካረጀ በኋላም በሌላ በሬ ያርስላት ነበር። እሷም መሄዷን አልተወችም።

ዛሬ ተራራው ደን ሆኗል። ከሥሩ ምንጭ ወጥቷል። ሥራው መልካም አልነበረም ብዬ አላውቅም። እንግዳ መጥቶ ሲያደንቀው እኔም አብሬ አደንቃለሁ። ግን ይማም የሚባል ሰው ነበር የሚል አንድም አልሰማሁም። ለዚህ ነው የጻፍኩት።

እናቴ እልል ባትል፣ ይማም ቢምል፣ ፈቃዱ ትንሽ ቢቀድም እያልኩ ብዙ ዘመን ከራሴ ጋር ተሟግቻለሁ። አሁን ትቼዋለሁ። እትዬ ዘይነባ እስክትሞት ድረስ መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላምታዬን ትመልስልኝ ነበር። አባቴ ደኅና ነው ወይ ብላ ግን አንድም ቀን አልጠየቀችኝም። አልቀየምኳትም።