አብረን ተገልብጠን ለየብቻ ታከምን

ክልላችን «ክልል» መባሉን ገና እየለመደ በነበረበት ጊዜ የሆነ ነገር ነው። ልርሳው ብልም ከወንበር በተነሣሁ ቁጥር ወገቤ ስለሚያስታውሰኝ አልረሳሁትም።

ከደብረ ማርቆስ ተመድቤ አሶሳ የገባሁ የአንድ አዲስ ቢሮ ሠራተኛ ነበርኩ። ቢሮው ስምና ማኅተም ነበረው፤ ወንበር ግን ገና አልመጣለትም። ስብሰባችን ማንጎ ዛፍ ሥር ነበር። ለመስክ የተሰጠችን አንዲት አሮጌ ላንድክሩዘር ነበረች። አንድ ቀን ከባምባሲ ስንመለስ ጎማዋ ፈነዳና ቦይ ውስጥ ተገለበጠች። ሾፌሩ በተአምር ምንም አልሆነም። ከኋላ የነበርነው እኔና ጋሽ ዲንሳ የሚባሉ የወለጋ ሰው፣ የሥራ ባልደረባዬ፣ ጎን ለጎን እንደተቀመጥን ጎን ለጎን ወገባችንን ተመታን።

በማግስቱ አንድ ክሊኒክ ሄድን። መጀመሪያ ጋሽ ዲንሳ ገቡ። ሐኪሙ አስተኝቶ አገላበጣቸው፤ እግራቸውን አነሣ፣ አወረደ፤ እረፍት ጻፈላቸው፤ ራጅ እንዲነሡ ወደ አዲስ አበባ ላካቸው። የእኔ ተራ ሲደርስ ያን ሁሉ ድካም አላስፈለገውም። ከወንበሩ ሳይነሣ፣

«አግብተሻል?» አለኝ።

መኪና ለመገልበጥ ባል እንደሚያስፈልግ አላውቅም ነበር። «አላገባሁም» አልኩት።

«እንግዲህ ደንግጠሽ ነው። ሴት ልጅ ትደነግጣለች። ስታገቢ ይተውሻል።»

የራስ ምታት ክኒን ሰጠኝ። እኔ ያልኩት ወገቤን ነው፤ እሱ ያከመው ጭንቅላቴን ነው።

ጋሽ ዲንሳ የወገብ መደገፊያ ቀበቶ ታጥቀው፣ ቀላል ሥራ ይሰጣቸው ተብሎ ተጽፎላቸው ተመለሱ። «ያልታመምኩት» እኔ የሳቸውንም ፋይል እየተሸከምኩ እመላለስ ጀመር።

ሕመሙ ወደ ቀኝ እግሬ ወረደ። ክረምቱ አልፎ ሙቀቱ ሲመጣ፣ ወንበሩ ቢደርስልንም መቀመጥ ስላቃተኝ ቆሜ መጻፍ ጀመርኩ። አለቃችን ይህን አይቶ ትጋቴን በስብሰባ ላይ አመሰገነ። ወደ ክሊኒኩ ተመላለስኩ። አንዴ ጭንቀት ነው ተባለ፣ አንዴ የወር አበባ፣ አንዴ የአገር ናፍቆት። በመጨረሻ ሐኪሙ «ባለተረከዝ ጫማ እያደረግሽ ይሆናል» አለኝ። በአሶሳ ጭቃና አቧራ ባለተረከዝ ጫማ የምታደርግ ሴት ካለች እኔም ባያት ደስ ይለኛል።

ያመኑኝ አከራዬ እትዬ ሐሊማ ብቻ ነበሩ። የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው በርታ ነው፤ በአማርኛቸው ሁሉም ሰው «አንተ» ነው። ግድግዳ ይዤ ስራመድ አዩኝና፣ «አንተ አሞሃል! ሥራ ተው፣ ተኛ! ወላሂ ይሄ ቀላል አይደለም» አሉኝ። ሳስበው፣ ሕመሜ የታያቸው ወንድ አድርገው ስለጠሩኝ ሳይሆን አይቀርም።

አንድ ጠዋት የቢሮው ደረጃ ላይ እግሬ ከዳኝና ወደቅሁ። ያነሡኝ ጋሽ ዲንሳ ናቸው። «ምነው ልጄ?» ሲሉኝ እንባዬ ቀደመኝ፤ ሁሉንም ነገርኳቸው። እስከዚያን ቀን ድናለች ብለው ነበር የሚያስቡት። ክንዴን ደገፉና «ነይ እንሂድ» አሉኝ።

ሐኪሙ ዘንድ አብረን ገባን። ጋሽ ዲንሳ ወንበር ሳቡና፣ «ዶክተር፣ ከወገብ ጀምሮ እስከ እግር ጣት ይነዝራል። መቀመጥ አይቻልም። ዛሬማ እግር ከድቶ መውደቅ ተጀምሯል» አሉ። ማንን እንደሚያመው አልተናገሩም።

ሐኪሙ ብድግ አለ። «ይሄማ ነርቭ ተጭኖ ነው! እስካሁን ለምን ዝም አሉ? ቶሎ አዲስ አበባ መሄድ አለብዎት!» ብሎ ብዕሩን አነሣ።

«ጻፈው» አሉት ጋሽ ዲንሳ፤ «ስሙን ግን የሷን አድርገው። አብራኝ ነው የተገለበጠችው። እኔስ ድኛለሁ፤ የሚያማት እሷን ነው።»

ሐኪሙ እኔን አየ፤ ብዕሩን አየ። «እሷ እንዲህ ብላ አልነገረችኝም» አለ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር ነግሬው አላውቅም። ቢሆንም ጻፈ። ጋሽ ዲንሳ እስኪጨርስ ከወንበሩ አልተነሡም።

አዲስ አበባ ራጁን ያየው ሐኪም አንዱ የአከርካሪ አጥንቴ ተሰንጥቆ ኖሮ ተጣሞ እንደገጠመ ነገረኝ። «ያኔውኑ ብትመጪ በእረፍትና በቀበቶ ይስተካከል ነበር። ምነው ቆየሽ?» አለኝ። ሳቄ መጣ፤ መሳቅም ያመኝ ስለነበር ተውኩት።

ሕመሙ ዛሬም አብሮኝ አለ። ልጆቼን ያሳደግሁት ያገኘሁትን ነገር እየተደገፍኩ ነው። ጋሽ ዲንሳ አርፈዋል፤ ነፍሳቸውን ይማር። ሁልጊዜ አመሰግናቸዋለሁ። ግን እያመሰገንኳቸውም ንድድ ይለኛል፤ የገዛ ወገቤን ሕመም ለማሳመን የወንድ አፍ መዋሴ ያንገበግበኛል።

ባለፈው ሰሞን አንዲት ወጣት ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር። አጠገቤ ተቀመጠችና፣ «ከየት ነው የሚጀምርዎት? ቀስ ብለው ይንገሩኝ» አለችኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ጠፋብኝ፤ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ ደግፋ አስተኛችኝና ወገቤን በጣቷ ቦታ በቦታ እየተጫነች፣ «እዚህ ጋ ነው?» አለችኝ።

እዚያው ጋ ነበር።